የጋሽ ታምራት ኦንኸሩስት

ጋሽ ታምራት ወደ ጌታ መሄዳቸውን ያነበብኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ ከዊልስደን ጃንክሽን ወደ ክላፋም በሚሄደው ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። መልእክቱ በቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጥፏል። ባቡሩ ሁለት ጣቢያ ሳያልፍ ከሥሩ የሐዘን መግለጫው መዥጎድጎድ ጀመረ። «ለሁላችን የሚያስቡ አባት ነበሩ» ይላል አንዱ። «እንግዲህ ስንቀር ማን ይደውልልናል?» ትላለች ሌላዋ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እስካዝን ድረስ ጠበቅኩ። ክላፋም ደረስኩ፤ አላዘንኩም።

የሞተ ሰው አይወቀስም ተብዬ ነው ያደግኩት። ደግሞም ሰው ፊት የመናገር ድፍረት ኖሮኝ አያውቅም፤ በቀብሩ ላይ አንድ ነገር በይ ብባል ሌላ ሰው እጠቁማለሁ። ግን ጋሽ ታምራት የምረሳቸው ሰው አይደሉም። ሞክሬ ነበር።

አጭር፣ ንጹሕ ሰው ነበሩ። የሸሚዛቸው የላይኛው ቁልፍ በሐምሌ ሙቀት እንኳ አይከፈትም። ሲያናግሩሽ ክርንሽን ይይዛሉ፤ የፈለጉትን ሳይሰሙ አይለቁሽም። ከአዲስ አበባ የወጡት በደርግ ጊዜ በመሆኑ አማርኛቸው እዚያው ዘመን ላይ ቆሟል፤ ካውንስሉን «ቀበሌው» ነበር የሚሉት። ወደ ለንደን ከመምጣታቸው በፊት ብዙ ዓመት ሆላንድ ኖረዋል። ከዚያ ይዘው የመጡት፣ እኔ እስከማውቀው፣ የማይነዱትን ብስክሌት፣ አይብ እንደ ወረቀት አሳስቶ የሚልጥ ማንኪያ መሳይ ነገርና አንድ ቃል ነው።

ቃሉ «ኦንኸሩስት» ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን የጉብኝት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። እሑድ እሑድ ከኋላ ቆመው የቀረውን ሰው ይቆጥራሉ፤ ሰኞ ይደውላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ሶስና ያን ጊዜ ወጥ ቤት ናቸው፤ ለምእመኑ ሻይ ያፈላሉ። እትዬ ሶስና ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ቤት የሚናገሩት ጋሽ ታምራት ነበሩ።

መጀመሪያ የደወሉልኝ ለንደን በመጣሁ በጥቂት ወር ነው።

«ሄሎ፣ ቤቲ? ታምራት ነኝ። ትናንት አላየሁሽም። ኦንኸሩስት ሆኛለሁ።»

በሽታ መሰለኝ። «እግዚአብሔር ይማርዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።

አልሳቁም። ጋሽ ታምራት በራሳቸው ጉዳይ አይስቁም። «በሽታ አይደለም፣ ልጄ። በአማርኛ የለም። ስጋት ብትይ ሌባም ይሰጋል። ጭንቀት ብትይ ፈተና ያለበት ሁሉ ይጨነቃል። ኦንኸሩስት ግን ይመጣል ያልሽው ሰው ሰዓቱ አልፎ ሲቀርብሽ ውስጥሽ አልቀመጥ ሲል ነው። ፈረንጆቹ ፍቅር ያውቃሉ። እኛ ቃሉ እንኳ የለንም።»

እናቴ ትዝ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ስዘገይ ነጠላዋን አጣፍታ የግቢው በር ላይ ትቆማለች። ስደርስ «ቀልቤን አሳጣሽኝ እኮ» ትለኝና ምሳዬን ታቀርባለች። ቃሉ አጥሯት አያውቅም። ይህን ግን ለጋሽ ታምራት አልነገርኳቸውም። «እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። የእኔ ሕይወት ግማሹ «እሺ፣ ጋሼ» ነው።

ቀጥሎ ሁለት እሑድ ብቀር በሦስተኛው ቤቴ ድረስ መጡ። ሃርልስደን ውስጥ ከሦስት ሰው ጋር ቤት እጋራ ነበር። በሩን የከፈተላቸው ራፋኤል የሚባል ብራዚላዊ ምግብ አብሳይ ነው። ጋሽ ታምራት ሙዝ ይዘዋል። ወጥ ቤት ገብተው ፍሪጁን ከፈቱ፣ አዩት፣ ዘጉት።

«ይኼ ወንድ ማነው?»

«ቤቱን አብሮን የሚጋራ ነው፣ ጋሼ። ሼር ነው።»

«ክፍልሽ ቁልፍ አለው?»

«አለው።»

«እስቲ ልየው። ቼክ ላድርገው።»

ቼክ አደረጉት። ሁለት ጊዜ ቆለፉ፣ ሁለት ጊዜ ከፈቱ። ከዚያ ወጥ ቤት ተቀምጠው ካመጡት ሙዝ ሁለቱን በሉና፣ ልጣጩን ለራፋኤል አቀብለው ሄዱ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሐሜት ነውር ነው። የጸሎት ርዕስ ግን ነውር አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ በዙም እንገናኛለን፤ የሚጸለይለትን ጉዳይ የሚያቀርቡት ጋሽ ታምራት ናቸው። የዚያን ሐሙስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ሃርልስደን ውስጥ ከወንዶች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለምትኖር አንዲት እህታችን እንጸልይ። ስም አልጠራም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ናት። መነጽር ታደርጋለች።»

ቅዳሜ እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ራፋኤል ማን እንደሆነ ልታውቅ ፈልጋ ነበር።

ስንቶቻችን እንደዚያ እንደተጸለየልን አላውቅም። ሥራ ያጣው፣ ያረገዘችው፣ ቪዛው የተከለከለው፣ ሁሉም ተራ በተራ በጋሽ ታምራት አፍ ወደ ጌታ ፊት ቀርቧል። ስጋታቸው እግር ነበረው፤ እጅ አልነበረውም። አንድ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት አባላችን ክረምት ላይ ማሞቂያቸው ተበላሽቶ ደወሉላቸው። ጋሽ ታምራት ሄደው የቀዘቀዘውን ብረት በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ «ኦንኸሩስት አደረግከኝ» አሉ፣ ጸለዩ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተመለሱ። ማሞቂያ ያዋሰቻቸው አጥር የምትጋራቸው ጃማይካዊት ናት። በሐሙሱ ጸሎት ላይ ግን ስለ አዛውንቱ የቤት ኪራይ እዳ ሰማን።

እኔ የምሠራው የመማሪያ መጻሕፍት በሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ነው፤ አጠገቤ አኒካ የምትባል ሆላንዳዊት ትቀመጣለች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ቃሉ ጠየቅኳት። መጀመሪያ አጠራሬን አረመችልኝ፤ ያ ከጉሮሮ የሚወጣው «ኸ» ለእኛ አይከብድም ብላ ተደነቀች።

«'ያልተረጋጋ' እንደማለት ነው» አለች። «ልጄ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ፣ ሐኪሙ 'ውጤቱን ነገ እነግርሻለሁ' ሲለኝ፣ ያን ጊዜ ኦንኸሩስት እሆናለሁ። ልጁ ሲደርስ፣ ውጤቱ ሲነገር ያልቃል። ለረጅም ጊዜ ስለ ሰው ማሰብ ከሆነ ሌላ ቃል አለን።»

«ሁልጊዜ ኦንኸሩስት የሆነ ሰውስ?»

«እሱ ሐኪም ይየው። እኛ እኮ ቃሉን ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት 'አይዞህ፣ ኦንኸሩስት አትሁን' ለማለት ነው። እናቴ ደግሞ የምትናገረው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መስኮቱ ጋ ቆማ ዝም ትላለች።»

«ደውሎ ለራስሽ 'ስለ አንቺ ኦንኸሩስት ነኝ' የሚልሽ ሰው የለም?»

«አለ እንጂ። ግን 'ደህና ነኝ' ካልሽው በኋላ መተው አለበት።»

«ካልተወስ?»

«እንግዲያማ የፈለገው ሌላ ነገር ነው» አለችና ሳንድዊቿን ገመጠች።

ይህን ሰምቼም ስልካቸውን ማንሳት አልተውኩም። ጋሽ ታምራት ሥልጣን አልነበራቸውም፤ ሀብትም፣ እውቀትም የላቸውም። ያላቸው የእኛ ይሉኝታ ብቻ ነው። የአንድ ቃል ባለቤት ሆነው በዚያ በሰው ሁሉ በር ይገቡ ነበር፤ እኛም ከፍተን እናስገባቸዋለን። ምህረት የምትባል ጓደኛዬ እስክትጎዳ ድረስ እንደ ትንሽ መከራ ቆጥሬ ችያቸዋለሁ።

ምህረት መዘምራን ውስጥ ከጎኔ ትቆም ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ ሰለሞን ደግሞ እሑድ እሑድ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያለ ሰው የሚቀበል፣ ሁሉ የሚወደው ሰው ነው። ቤት ውስጥ ግን ይመታታል። አንገቷ ላይ ያለውን ሰንበር ያየሁት የመዘምራን ልብስ ስንቀይር ነው። አንድ ረቡዕ ጠዋት እሱ ሥራ ሲሄድ ሁለት ሻንጣዎቿን በአውቶቡስ ይዘን ዊልስደን ሄድን። ሃይ ሮዱ ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ነበር የተከራየችው። ሻንጣዎቹን ደረጃ አውጥተን አልጋው ላይ ስንቀመጥ እጄን ያዘችኝ።

«ለማንም፣ ቤቲ።»

«ለማንም» አልኳት።

እሑድ መዘምራን ውስጥ ቦታዋ ባዶ ሆነ። ሰኞ ስልኬ ጮኸ።

«ቤቲ፣ ምህረት የት ናት?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ታውቂያለሽ፣ ድምፅሽ ይናገራል። እኔ አድራሻ አልጠየቅኩሽም። በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«ተመስገን። እዚሁ ለንደን?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ እንቅልፍ የለኝም፣ ልጄ። ኦንኸሩስት ምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የልጄ ያህል ናት። ዊልስደን ናት የሚል ሰው አለ…»

የሚል ሰው አልነበረም። አሁን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ዝም አልኩ፤ ዝምታዬንም እንደ አዎንታ ወሰዱት።

«ብቻዋን ስትወጣ ስትገባ፣ ሰፈሩ እንዴት ነው? አንድ ነገር ብትሆን ማን ይሰማታል?»

«ኧረ ሰው አለ፣ ጋሼ። ከሥሯ ፀጉር ቤት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሰው አይጠፋም» አልኩ። ላረጋጋቸው ብዬ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ላረጋጋቸው ብዬ ነው።

«ተባረኪ» አሉና ዘጉት።

ሐሙስ ዙም ላይ ተሰበሰብን። ጋሽ ታምራት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የላይኛው ቁልፋቸውን እንደቆለፉ፣ ከእልፍኛቸው ሆነው ጀመሩ።

«ጌታ ሆይ፣ ከትዳሯ ወጥታ ብቻዋን ስለተቀመጠች ልጅህ ስለ ምህረት እንለምንሃለን። ዊልስደን ከፀጉር ቤት በላይ ያለችውን ክፍሏን በመላእክትህ ጠብቅ። ደረጃዋን ጠብቅ። ወደ ቤቷ መልሳት…»

እግዚአብሔር አድራሻ የሚያስፈልገው ይመስል!

ከየአራት ማዕዘኑ «አሜን» ተባለ። ከነዚያ አንዱ ካሜራው የተዘጋ ጥቁር አራት ማዕዘን ነበር፤ ከሥሩ «ሰለሞን» ይላል። ማይኬን ልከፍት ጣቴን አስጠጋሁ። ምን ብዬ ነው የማቋርጣቸው? ሽማግሌ እየጸለየ? አልከፈትኩም። ጸሎቱ እንዳለቀ ለምህረት ብደውል ማታ ተረኛ ስለነበረች አላነሳችም። መልእክት ላክኩላት። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ በሬን እቆልፋለሁ» ብላ መለሰችልኝ። አልተቆጣችኝም፤ ቢያንስ በጽሑፍ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰለሞን በዊልስደን ሃይ ሮድ ከፀጉር ቤት ፀጉር ቤት ዞረ። አንዱ ጋ ከጎን ጠባብ በርና ደረጃ አየ። ገባ፣ ተራ ያዘ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰሩለት። መስታወቱ ውስጥ በሩን እያየ ፀጉሩን ይቆረጥ ጀመር። ምህረት ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ፣ ግማሽ ጎኑ እንደተላጨ፣ ጨርቁ ከአንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነስቶ ወጣ። ክንዷን ይዞ ደረጃው ላይ ሲጎትታት ያስጣላት ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ መቁረጫውን እንኳ አላጠፋውም ነበር አለችኝ። ሮጣ ወጥታ ቆለፈች። ፖሊስ መጣ። የዚያኑ ዕለት ክፍሉን ለቀቀች። የት እንደሄደች አልነገረችኝም፤ ደግ አደረገች።

በማግሥቱ እሑድ ጋሽ ታምራት የቤተ ክርስቲያኑ ኮሪደር ላይ ክርኔን ያዙኝ። ይቅርታ የሚሉ መስሎኝ ነበር፤ ሽማግሌ ይቅርታ ሲለኝ ምን እንደምመልስ አላውቅም ነበር።

«አየሽ?» አሉኝ። «ኦንኸሩስት ያልኩት በከንቱ አልነበረም። ታውቆኝ ነው።»

ፊታቸውን አየሁት። ኩራት ነበረበት። አደጋውን በገዛ አፋቸው ጠርተው አምጥተውት፣ ሲመጣ ደግሞ ራሳቸውን እንደ ነቢይ ቆጠሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው «ወንድማችን ከስጋት የተነሳ ነው የተናገረው» ብለው ጉዳዩን ዘጉ። ሰለሞን ለሁለት ወር በር ላይ ከመቆም ታገደ። ጋሽ ታምራት ከምንም አልታገዱም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስፈራቸው ኖሬአለሁ። ያን ቀን ፍርሃቴ ወጣና በቦታው ንቀት ገባ፤ ቀለል የሚል ነገር ነው፣ ይዘሽው ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ።

ከብዙ ወር በኋላ፣ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት ደረሰኝ። የከተማ ስም፣ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥር። ከሥሩ «አሁን ታውቂያለሽ። ምህረት» ይላል። ደጋግሜ አንብቤ በቃሌ ያዝኩትና አጠፋሁት። ሰው ሁለተኛ ሲያምንሽ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ጋሽ ታምራት ልባቸውን ታመው ሆስፒታል የገቡት በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ካልሄድኩ መቅረቴ ራሱ የጸሎት ርዕስ ይሆናልና ሄድኩ። ነርሷ ከሁለት ሰው በላይ አይገባም ትላለች፤ እኛ ስድስት ሆነን አልጋውን ከበናል። እትዬ ሶስና እግራቸው ሥር ተቀምጠው ካልሲ ያጥፋሉ። ጋሽ ታምራት ከስተዋል። የሆስፒታሉ ልብስ ከላይ የሚቆለፍ ቁልፍ የለውም፤ አንገታቸው ቀጭን ሆኖ ይታያል። አሳዘኑኝ። ማዘኔ አስፈራኝ፤ ሳዝን ነው የምናገረውና።

ጠጋ ስል ክርኔን ያዙኝ።

«ቤቲ። ምህረት የት ናት?»



«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«የት?»

«ደህና ናት።»

«ልሞት ነው፣ ልጄ። ኦንኸሩስት እንደሆንኩ ነው የምሞተው። ንገሪኝና ልሂድ።»

ከጎኔ የቆመችው የጉብኝት ክፍል ጸሐፊ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ኧረ ቤቲ፣ ለታመመ ሰው! ከተማዋን ብቻ ንገሪያቸው። ለጸሎት ነው እኮ።»

የመንገዱ ስም አፌ ውስጥ ነበር። የቤት ቁጥሩ ሳይቀር። ሁሉም ያዩኛል፤ ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የጠየቁኝን የከለከልኩት ሽማግሌ በሕይወቴ የለም።

«የት እንዳለች አውቃለሁ» አልኩ። «ግን አልነግርዎትም።»

«ምን አለች?» አሉ ሌሎቹን።

«አልነግርዎትም፣ ጋሼ» አልኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። መጋረጃው ወዲያ ያሉት እንግሊዛዊ ሽማግሌ ሳይቀሩ ዞሩ።

ክርኔን ለቀቁት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «ዩኒቨርሲቲ ያበላሻት» አሉ። ጸሐፊዋ በቁጣ አየችኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሊፍቱን ስጠብቅ እትዬ ሶስና ባዶ ጆግ ይዘው ተከተሉኝ። ውኃ የሚቀዳው እዚያው ጥግ ላይ ነው።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አልኳቸው። «በታመሙበት እንዲህ መናገሬ…»

«ዝም በይ» አሉኝ። ወደ ኋላ ዞረው ኮሪደሩን አዩ። ከዚያ ጆጉን ከቧንቧው ሥር አደረጉ። «ብትነግሪው ኖሮ ዛሬውኑ ሌላ ቤት ልፈልግላት ነበር።»

አልገባኝም። «ለማን?»

«ለማን ይመስልሻል? ያን ሐሙስ ሲጸልይ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ዊልስደንን ስዞር ውዬ ቅዳሜ ከሰዓት ነው ያገኘኋት፤ ከፖሊሶቹ በኋላ ደረስኩ። ሻንጣዋን የተሸከምኩላት እኔ ነኝ። አሁን ያለችበትንም ቤት ያገኘሁላት እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች፤ እሱ ከኋላ ቆሞ የቀረውን ሰው ሲቆጥር እኔ ሻይ አፈላለሁ።»

«ጋሼ አያውቁም?»

እትዬ ሶስና ቧንቧውን ዘጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣም ሐዘንም አላየሁበትም።

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖርኩ» አሉ፣ ጆጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ክፍሉ እየተመለሱ። «አንድም ቀን የሰው አድራሻ ነግሬው አላውቅም።»